«ያየሽውን ጽፈሻል፤ እንዴት እንደታየች ግን አልጻፍሽም»

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው፤ የሦስተኛ ዓመት የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተማሪ ነኝ። አንድ የቤት ሥራ እንቅልፍ ስለነሳኝ እርዳታችሁን ፈልጌ መጥቻለሁ።

ትእዛዙ አጭር ነው፦ አንድ የታወቀ የሙዚቃ ክሊፕ ምረጡና ሴቷን ዘፋኝ ለተመልካች እንዴት አድርጎ እንዳቀረባት ተንትኑ። እኔ የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የቢዮንሴን «ሲንግል ሌዲስ» (ያላገቡ ሴቶች) መረጥኩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ገና ሕፃን ነበርኩ፤ ሠርግ ላይ ሲከፈት ግን እስከ ዛሬ ሴቶቹ እጃቸውን ሲያነሡ አያለሁ። የመረጥኩትም ቀላል መስሎኝ ነው። ሦስት ሴቶች፣ ባዶ ግድግዳ፣ ጥቁርና ነጭ ምስል። ታሪክ የለው፣ ቤት የለው፣ መኪና የለው፣ ወንድ የለው።

አራት ገጽ ጽፌ ሰጠሁ። ከዚያ ውስጥ አንድ ገጽ ተኩሉ ስለ ልብሷ ነበር፦ የዋና ልብስ የሚመስል ጥቁር ልብስ፣ አንድ ትከሻ የተገለጠ፣ ከሥሩ ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማ። ቀጥዬም «ስለዚህ ክሊፑ የሴትን ክብር ዝቅ ያደርጋል» ብዬ ደመደምኩ። መምህሬ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ አንዲት መስመር ብቻ ጽፈውበታል፦ «ያየሽውን ጽፈሻል፤ እንዴት እንደታየች ግን አልጻፍሽም።» እስከ ሰኞ አስተካክዬ እንዳመጣ ዕድል ሰጥተውኛል።

መኝታ ክፍላችን ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ደግመን አየነው። አንዷ «ገላዋን ገበያ ያወጣች» አለች። ሌላዋ «እንዲህ ያለች ደፋር ሴት አይቼ አላውቅም» አለች። ተጨቃጭቀው ሳይነጋገሩ አደሩ። ያዩት አንድ ምስል ነው፤ ልክ እንደ እኔ ፍርዳቸውን ተናገሩ እንጂ ማስረጃቸውን አላወጡም።

ሌላው ያስቸገረኝ ጽንሰ ሐሳቡ ነው። ክፍል ውስጥ የተማርነው እንግሊዛዊቷ የፊልም ተመራማሪ ሎራ መልቪ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመችውን ነው። በሆሊውድ ፊልሞች ውስጥ ወንዱ የሚያይና የሚያደርግ፣ ሴቷ ደግሞ የምትታይ ሆና ትቀርባለች ትላለች። ዓይኖቹንም ሦስት ታደርጋቸዋለች፦ የሚቀርጸው ካሜራ፣ ቁጭ ብሎ የሚመለከተው ሰው፣ ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርሳቸው የሚተያዩበት ዓይን። እንግዲህ በዚህ ክሊፕ ውስጥ ሴቷን የሚያይ ወንድ ገጸ ባሕርይ የለም። ሦስተኛው ዓይን ከጎደለ ትንታኔው በምን ይቆማል? ከየት እንደምጀምር የምታውቁ ካላችሁ አሳዩኝ። ምን ብዬ እንደምደመድም አትንገሩኝ፤ ምኑን ማየት እንዳለብኝ ብቻ ንገሩኝ።


መልስ፦ የሁለት ሴቶች አባት

ልጄ፣ እኔ የፊልም ትምህርት የለኝም። ሐዋሳ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ፤ ሱቁ ውስጥ ቴሌቪዥን ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፣ አንዷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ታናሿ ዘጠኝ። ከትምህርት ቤት ሲመጡ እኔ ዘንድ ነው የሚያመሹት። ክሊፕ በመጣ ቁጥር ሪሞቱን ከእጄ አላወርድም።

መምህርሽን አከብራለሁ፤ የመጀመሪያውን ጽሑፍሽን ግን ባይነቅፉብሽ ደስ ይለኝ ነበር። ልብስ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው ልጁን ሲያለብስ ማን እንደሆነች እየነገራት ነው። ይህችን ሴት ያለበሷት ሰዎችም ለእኔ ልጆች የሆነ ነገር እየነገሯቸው ነው። አንቺ ይህን አይተሽ ጽፈሻል፤ ስህተትሽ የቱ ላይ ነው? «ካሜራውን እዪ» የሚሉሽ ሰዎች ልብሷን ይቅር ማለታቸው ከሆነ እኔ አልስማማም። ካልሆነ ግን ያስረዱኝ፣ መስማት እፈልጋለሁ።


መልስ፦ ቆርጦ ቀጣይ

ሐይቅ ዳር፣ መምህርሽ የጻፉልሽን መስመር በወረቀት ገልብጬ ከኮምፒውተሬ በላይ ለጥፌዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራው የኖርኩትን ነገር ማንም እንዲህ በአንድ ትንፋሽ አልነገረኝም።

ኤዲተር ነኝ። እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የሠርግ፣ የምርቃትና የክሊፕ ቀረጻ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። የምነግርሽም ከእጄ የወጣውን ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ክሊፕ መጣልኝ። ዘፋኙ ወንድ ነው። ቀረጻው የተደረገው ፍቅር ሐይቅ ዳርና ታቦር ተራራ ሥር ነው፤ የጠዋቱ ብርሃን ውኃው ላይ ተኝቶ በጣም ያምር ነበር። አብራው የምትወዛወዘው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ወጪውን የሸፈነው ሰው ከወንበሬ ጀርባ ቆሞ «እዚህ ጋ ወገቧን አስገቢልኝ»፣ «ፊቷን ተዪው፣ ጊዜ ይበላል» እያለ አስቆረጠኝ። ቆረጥኩለት። ሥራው ሲያልቅ ልጅቷ እናቷን ይዛ መጣች፣ ልታሳያቸው። እናትየው ነጠላቸውን አስተካክለው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። ክሊፑ ሄደ፣ ሄደ፣ ሊያልቅ ሲል ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጄ የቷ ናት?» አሉኝ። በክሊፑ ውስጥ ሌላ ሴት እኮ አልነበረችም። መልስ ሳልሰጥ አንድ እጅ ስክሪኑ ላይ አለፈ። «እሱ የእኔ አምባር ነው» አሉ። ለቀረጻው ብለው ያዋሷት የብር አምባር ነበር። አምባራቸውን አወቁት፤ ልጃቸውን አላወቋትም።

ልጅቷ በዚያ ቀን ለብሳ የነበረው እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ የሐበሻ ቀሚስ ነው።

ለዚህ ነው ለእርስዎ፣ ለሁለቱ ሴቶች አባት፣ የምመልሰው ከዚህ ተነሥቼ የሆነው። ልብስ ትንሽ ነገር ነው አላልኩም። ነገር ግን ሙሉ ቀሚስ የለበሰችን ልጅ በዚህ እጄ ወገብ ብቻ አድርጌያታለሁ፤ ቀሚሷ ከእኔ አላዳናትም። ስለዚህ ሪሞቱን ሲይዙ የልብሱን ርዝመት ብቻ እየለኩ ከሆነ፣ ልጆችዎን የሚጎዳው ነገር በረጅም ቀሚስ ተሸፍኖ ሊያልፍብዎት ይችላል።

አሁን ወደ ሥራሽ። መጀመሪያ ድምፁን ዝጊው። ምቱ ይጎትትሻል፣ ካሜራው የሚሠራውን እንዳታዪ ያደርግሻል። ድምፁ ሲጠፋ የቀረጻው አጥንት ይወጣል። ከዚያ ወረቀት ይዘሽ ምስሉ በተቆረጠ ቁጥር አንድ ጭረት አድርጊ። እኔ በቆረጥኩት በዚያ የሐይቅ ዳር ክሊፕ ይህን ብታደርጊ ገጹ በጭረት ይሞላል፤ ልጅቷ ከሁለት ሰከንድ በላይ የቆየችበት ምስል የለም። «ሲንግል ሌዲስ» ላይ እጅሽ ሥራ ይፈታል። ዳይሬክተሩ ጄክ ናቫ ረጅም ረጅም አድርጎ ነው የቀረጸው፤ ቆረጣ ያለበት ቦታም ብርሃኑ ሲለዋወጥና ካሜራው ሲንቀሳቀስ ተሸፍኖ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካው የሙዚቃ ቴሌቪዥን በኤም ቲቪ የቪዲዮ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ቪዲዮ ተብሏል፤ በዚያው ምሽት በውዝዋዜ ቅንብርና በኤዲቲንግም አሸንፏል። ቆረጣው የማይታይ ክሊፕ በቆረጣው ተሸለመ ማለት ነው። እንደ ሙያው ሰው ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ለትንታኔሽ የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው። ቆረጣ ሰውን ይበታትናል። እግር፣ ቁረጥ። ከንፈር፣ ቁረጥ። ወገብ፣ ቁረጥ። ቁርጥራጩን የሚገጣጥመው ተመልካቹ ነው፤ የሚገጣጥመውም እንዳሻው ነው። ሰውነቷ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ሳይቆረጥ ሲቆይ ግን ሥራዋን ታያለሽ፦ እርምጃው የት ተጀመረ፣ ሚዛኗን በዚያ ተረከዝ ላይ እንዴት ጠበቀች፣ እጇ ከእግሯ ጋር እንዴት ተስማማ። ብትሳሳት የሚደብቅላት የለም። እኛ ዘንድ ቆረጣ ደካማዋን ተወዛዋዥ ያድናታል፣ ጎበዟን ይቀብራታል።

ስለ ሦስተኛው ዓይን የጠየቅሽው ብዙ አስቆየኝ። ተነሥቼ ሁለት ጊዜ አየሁት፣ በዚህኛው ዙር ድምፁን ከፍቼ። ማንን እያናገረች እንደሆነ ተከተዪ። መጀመሪያ የምትጠራው ሴቶችን ነው፣ ያላገቡትን። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ቀለበት ሳያስርላት የቀረውን ሰው ታናግራለች። ሁለቱንም ስታናግር የምታየው ያንኑ አንድ ካሜራ ነው። እንግዲህ ወንዱ ክሊፑ ውስጥ ባይታይም ቀርቷል አትበዪ፤ አንቺ በተቀመጥሽበት ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ጓደኛዋ ትሆኛለሽ፣ ወዲያው ደግሞ ያመለጣት ሰው ትሆኛለሽ። ጓደኞችሽ ሳይነጋገሩ ያደሩት ለዚህ ይመስለኛል፤ አንዷ በጓደኛዋ ወንበር፣ አንዷ በሰውየው ወንበር ተቀምጠው ነው ያዩት። እዚህ ላይ ብቻ አንድ ገጽ ጻፊ።

ከጎኑ «ኢፍ አይ ወር ኤ ቦይ» (ወንድ ብሆን ኖሮ) የሚለውን የራሷን ክሊፕ አስቀምጪ። ሁለቱ ዘፈኖች የወጡት አብረው ነው፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2008። ዳይሬክተሩም ያው ጄክ ናቫ ነው፣ ምስሉም ያው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለም ወይም ዳይሬክተር ነው ልዩነቱን ያመጣው የሚልሽ ሰው አይኖርም። እዚያ ቢዮንሴ የፖሊስ ዩኒፎርም ለብሳ ትሠራለች፣ ባሏን ችላ ትላለች፤ ወደ መጨረሻው ላይ ነገሩ ይገለበጥና ችላ የተባለችው እሷ መሆኗ ይታወቃል። ባልና ሚስት ስለሚተያዩ ሦስተኛው ዓይን እዚያ በግልጽ አለ። ልብሷ ሙሉ ነው፤ የተጎዳችው ግን እዚያ ነው። ልብሷ አጭር በሆነበት ክሊፕ ውስጥ ደግሞ ቦታው ሁሉ የእሷ ነው። የልብሱና የሥልጣኑ ልክ አብረው እንደማይሄዱ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ደግሞ በቅርብ የተቀረጸ ምስል ሁሉ ይበታትናል ብለሽ እንዳትጽፊ። የአየርላንዳዊቷን ዘፋኝ የሺኔድ ኦኮነርን «ነቲንግ ኮምፔርስ ቱ ዩ» እዪው፣ ጆን ሜይበሪ ያዘጋጀውን። ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶ ይቆያል፣ እንባዋ ሲወርድም ካሜራው አይሸሽም። እ.ኤ.አ. በ1990 የኤም ቲቪን የዓመቱ ምርጥ ቪዲዮ ሽልማት ስታገኝ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ቅርበት የሚመዘነው ምን ያህል እንደቆየና የቱ ላይ እንደቆየ ታይቶ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ክሊፑን ጻድቅ አድርገሽ እንዳታቀርቢው። ዘፈኑ የሴቷን ዋጋ የሚለካው በቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ለምን መለኪያ ሆነ ብሎ አይጠይቅም። ተረከዙም፣ ልብሱም ተመርጦ የተደረገ ነው፣ ማንን ደስ እንደሚያሰኝም የመረጡት ሰዎች ያውቃሉ። እዚህ ላይ አባታችን እውነት አላቸው።


መልስ፦ ትከሻ

ቆርጦ ቀጣይ፣ የእናትየውን ነገር ሳነብ አለቀስኩ። እኔም አምባር ሆኜ የቀረሁባቸው ክሊፖች አሉ።

ነገር ግን ሙሉ ሰውነት ከታየ ሥራዋ ይታያል ያልሽውን አልቀበልም። በባህል ምሽት ቤቶችና በክሊፖች ስምንት ዓመት ተወዛውዣለሁ። ከዘፋኙ ጀርባ አራት ሆነን ተደርድረን፣ ከራስ እስከ እግር ሳንቆረጥ፣ ክሊፑ እስኪያልቅ የታየንበት ጊዜ አለ። እንደ መጋረጃ ነበርን። ማንም እርምጃችንን አላየም፣ ምክንያቱም እርምጃው የተሰጠን ቦታ እንድንሞላ ነው። ስለዚህ ሐይቅ ዳር፣ ቆረጣውን ከቆጠርሽ በኋላ ኮከቧና ሌሎቹ ሴቶች ምን ያህል እንደተራራቁ እዪ።

እዚህ ግራና ቀኝ ያሉት ኢቦኒ ዊሊያምስና አሽሊ ኤቨሬት ናቸው። እግራቸውን ተከተዪ። ቢዮንሴ የምትሠራውን ይሠራሉ፤ ለእሷ ተብሎ የቀለለ እርምጃ የለም። ጀርባ ላይ ቆመው አያጨበጭቡላትም። ይህ ሲሆን ኮከብነቷ የሚታወቀው ከእነሱ እኩል ደክማ ነው። ውዝዋዜው ከተቀዳባቸው ምንጮች አንዱ ጄ ሴቲንግ የሚባለው ነው፤ በሚሲሲፒ ግዛት ጃክሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የማርሽ ባንድ ሴት ተወዛዋዦች የተጀመረ፣ በኋላ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ባሉ የጥቁሮች የምሽት ቤቶች ውስጥ ያደገ ነው። አንዷ ትጀምራለች፣ ሌሎቹ ከእሷ ይቀበላሉ። ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አውራጅና ተቀባይ ነው። አውራጅ ያለ ተቀባይ ምንድን ነው? ሌላው ምንጭ አሜሪካዊው የውዝዋዜ አቀናባሪ ቦብ ፎሲ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀናበረውና ሚስቱ ግዌን ቨርደን ከሁለት ሴቶች ጋር ሆና በቴሌቪዥን ያቀረበችው ውዝዋዜ ነው። ሦስት ሴቶች የሆኑት እንዲሁ አይደለም። ሁሉንም ነገር ቢዮንሴ ከራሷ አመነጨችው ብለሽ እንዳትጽፊ፤ ከሰው የተቀበለችውን በስሙ መጥራት ለተወዛዋዦች ትልቅ ነገር ነው።

ዓይንን በተመለከተ ደግሞ የራስሽን አገር ዓይን አትርሺ። እኛ ካሜራ ፊት ስንቆም የመጀመሪያው ትእዛዝ «ዓይንሽን ሰበር አድርጊ» ነው። ቀና በዪ፣ ፈገግ በዪ፣ ወደ ሐይቁ ዙሪ። ቀጥ ብላ ያየች ሴት ዓይነ ደረቅ ትባላለች። እስክስታ ግን በተፈጥሮው እንዲህ አይደለም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል፣ ትከሻ ለትከሻ ይመላለሳል፣ ዓይን ለዓይን ይተያያል፤ ጥያቄና መልስ ነው። ቀራጩ መጥቶ ሁለታችንንም ወደ ካሜራው ያዞረናል፣ ጨዋታውም እዚያው ይሞታል። ቢዮንሴ ካሜራውን ፊት ለፊት ስታይ ጓደኛሽ «ገበያ ያወጣች» ያለችው በልብሷ ብቻ አይመስለኝም። ዓይኗን ስላልሰበረችም ጭምር ነው። ይህን የሚጽፍልሽ የውጭ አገር መጽሐፍ የለም፤ አንቺው መጻፍ አለብሽ።


መልስ፦ የሁለት ሴቶች አባት

ቆርጦ ቀጣይ፣ የጻፍሽልኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትናንት ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ ታላቋን ልጄን አስቀምጬ ድምፁን ዘግተን አብረን አየነው። እንደዚህ አድርጌ አላውቅም። «ይህች ሴት ማንን ነው የምታየው?» አልኳት። ወንዶችን ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። «እኔን» አለችኝ።

ልብሱን አሁንም አልወደድኩትም። መልሷን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነው ያደርኩት።


ሐይቅ ዳር

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የተባልኩትን አድርጌያለሁ፤ ሦስት ጊዜ ድምፁን ዘግቼ፣ ሁለት ጊዜ ከፍቼ አየሁት። ከዚህ በፊት ይህን ክሊፕ መቶ ጊዜ ሳላየው አልቀርም፤ ያላየሁት ግን ይበዛል።

አንደኛው እጇ ነው። በግራ እጇ ላይ እንደ ጓንት ያለ ብረት አድርጋለች። በመጀመሪያው ጽሑፌ «ጌጥ» ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ግን ዘፈኑ በሙሉ ስለዚያ እጅ መሆኑን አስተዋልኩ፤ ቀለበት የሚጠለቅበት እጅ ነው። ያንን እጅ ወደ ካሜራው እያዞረች ታሳያለች፣ እጁ ግን ብረት ለብሷል። ቆርጦ ቀጣይ ዘፈኑ ቀለበቱን ለምን መለኪያ ሆነ ብሎ አይጠይቅም ብላለች። እኔ ግን ግጥሙ ያልጠየቀውን ብረቱ ትንሽ የጠየቀ ይመስለኛል። ማስረጃዬ ደካማ ከሆነ ንገሩኝ።

ሁለተኛው መጨረሻው ነው። ውዝዋዜው ሲያበቃ ፊቷ ቀርቦ ይታያል፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ፈገግ ትላለች። ድምፁን ዘግቼ ሳየው ትንፋሿ የተሰማኝ መሰለኝ። ይህን ለመቁረጥ በጣም ቀላል ነበር፤ ዘፈኑ አልቋል፣ የተወዛወዘችውም ተወዛውዛለች። ግን አልቆረጡትም። በአራቱ ገጾቼ ውስጥ ስለ ድካሟ አንድም ቃል የለም። ስለ ጫማዋ አሥራ አንድ መስመር ጽፌያለሁ፣ በዚያ ጫማ ምን እንደሠራችበት አልጻፍኩም።

ጓደኞቼን አስታርቄያለሁ ማለት አልችልም። የወንበሩን ነገር ስነግራቸው ግን «ገበያ ያወጣች» ያለችው ጓደኛዬ ዝም አለችና «እኔ እኮ ወንድሜ ቢያየኝ ብዬ ነው ያፈርኩት» አለች። ይህን በወረቀቴ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ስሟን ሳልጠቅስ፤ ፈቅዳልኛለች።

ከትከሻ ጋር የምስማማው ስለ ተቀባዮቹ ያልሽው ላይ ነው። ያንን ሳነብ ነው ሁለቱን ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው። እስከዚያ ድረስ እኔም እንደ መጋረጃ ነበር የማያቸው።

ቆርጦ ቀጣይ፣ አንድ ልመና አለኝ። የእናትየውን ነገር መግቢያ ላደርገው እችላለሁ? «ልጄ የቷ ናት?» ከሚለው ልጀምርና ከዚያ ወደ ክሊፑ ልሻገር። መምህሬ ስለ ሌላ ክሊፕ ለምን ጻፍሽ ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ፤ ግን ከዚያ የተሻለ ጥያቄ አላገኘሁም።


መልስ፦ ቆርጦ ቀጣይ

ጻፊው። የዘፋኙን፣ የልጅቷን፣ የእኔንም ስም አታንሺ፤ አምባሩን ግን አትተዪው። ከሦስት መስመር በላይ አታስረዝሚው፣ ወዲያው ወደ ቢዮንሴ እለፊ።

ትከሻ ትክክል ናት፣ ስለ ሙሉ ሰውነት የጻፍኩትን አስተካክላልኛለች። እኔ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነው የማየው፣ እሷ ከዚያ ወዲያ ቆማ ነው የምታየው። ስትጽፊ የእሷን አስቀድሚ።

ስለ ብረቱ ያልሽው ማስረጃ አለው፤ ግን እጁ ስንት ጊዜ ለብቻው ተቀርቦ እንደታየና ስንት ጊዜ ከሙሉ ሰውነቷ ጋር እንደታየ ለይተሽ ቁጠሪ። ለብቻው ከተቆረጠ የምትዪው ይጠነክራል። ካልተቆረጠ «ይመስለኛል» የሚለውን ቃል ተዪው፣ አታጥፊው። በስልክ ይህን መለየት ያስቸግርሻል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሠርግ የለኝም፣ ክፍሉ ውስጥ ነኝ። ፍላሽሽን ይዘሽ ነዪ፣ በትልቁ ስክሪን ምስል በምስል እያስቆምን እንቆጥረዋለን። ወንበር ሁለት ነው ያለኝ፤ ጓደኞችሽንም ይዘሽ ከመጣሽ ከጎረቤት እዋሳለሁ።